ስሙ የሸፈነው ሕመም

ዐረቦች «ሸቂቃ» ይሉታል፤ ቃሉ ከመሰንጠቅ የወጣ ነው። እኛም «ራሴን ፈለጠኝ» ስንል ከዚያ ብዙ አልራቅንም። «ማይግሬን» የሚለውም ቢሆን «ግማሽ የራስ ቅል» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ስሞቹ ሁሉ ራስ ምታቱን ብቻ ስለሚጠሩ ሌላው የሕመሙ ገጽታ፣ አንዳንዴም ያለ ራስ ምታት ብቻውን የሚመጣው፣ ከብዙ ሰው ተሰውሮ ኖሯል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሑበርት ኤሪ በገዛ ዓይኑ ላይ የሚመጣበትን በ1870 እ.ኤ.አ. በሥዕል አሳተመ። መጀመሪያ ከእይታው መሐል አጠገብ ትንሽ ብዥታ ትታያለች። ከዚያ እየሰፋች እንደ ምሽግ ግንብ ጥርስ ያለው፣ የሚብለጨለጭ መስመር ትሆንና ወደ ዳር ወጥታ ትጠፋለች። ነገሩ ግን የዓይን አልነበረም። አሜሪካዊው ካርል ላሽሌይ በ1941 የራሱን ብልጭታ ለክቶ፣ ሁከቱ በአንጎል ቅርፊት ላይ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚጓዝ አሰላ። በ1944 ብራዚላዊው ሊያዎ በጥንቸል አንጎል ላይ እንዲሁ የሚያዘግም ሞገድ አገኘ። መነጽር ቢቀያይሩ የማይሻላቸው ሰዎች ምን ሆነው ይሆን ለሚል፣ መልሱ አንዱ ይኸው ነው።

ሞገዱ ዘገምተኛ ስለሆነ ምልክቱም ያዘግማል፦ መደንዘዙ ከጣት ተነሥቶ በክንድ በኩል ወደ ፊት ይደርሳል፤ አንደበትም ሊተሳሰር ይችላል። ከቀናት በፊት ማዛጋት፣ የአንገት መጨምደድ፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ ሊቀድም ይችላል፤ ቤተሰብ ይህን ጠባይ እያለ ይቀየማል። ነገር ግን አንደበቱ ወይም ግማሽ አካሉ በድንገት የከዳው ሰው «ማይግሬን ነው» ተብሎ አይቀመጥም፤ የአንጎል ደም ሥር አደጋ ሊሆን ስለሚችል ያኑ ሰዓት ሐኪም ቤት ይወሰድ።