ብስክሌት በእርጅና ዘመን፦ ለማን፣ የትኛው፣ እንዴት?

ብስክሌት፣ በዕብራይስጥ ኦፋናይም፣ በእስራኤል አገር ከልጅ እስከ አዋቂ የሚነዳው ነገር ነው። በእኛ ማህበረሰብ ዘንድ ግን እስካሁን የልጅ መጫወቻ ተደርጎ ይታያል። ሽማግሌ ሰው ብስክሌት ላይ ቢወጣ «ምን ነካው?» ይባላል፤ እናት ብትወጣማ ወሬው ሰፈሩን ያዳርሳል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ዕድሜያቸው ከስልሳ ዓመት ያለፈ አባቶችና እናቶች፣ እንዲሁም የሚጦሯቸው ልጆቻቸው፣ ብስክሌት ለጤና ምን እንደሚጠቅም፣ የትኛው ዓይነት ለማን እንደሚስማማና ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባ እንዲያውቁ ነው። ከወዲሁ አንድ ነገር እንናገር፦ ብስክሌት ስንል መንገድ ላይ የሚሄደውን ብቻ ማለታችን አይደለም። ቤት ውስጥ ባለበት ቆሞ ፔዳሉ የሚሽከረከረውም ብስክሌት ነው፤ ለአብዛኞቹ ወላጆቻችን የሚበጀውም እሱ ነው ብለን እናምናለን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምህረቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እግር ያመጣው ሕዝብ እንዴት ተቀመጠ?

አረጋውያኖቻችን በአገር ቤት ሳሉ ስፖርት የሚባል ነገር አያስፈልጋቸውም ነበር። እርሻው፣ ከብት ጥበቃው፣ ውሃ መቅዳቱ፣ እንጨት ለቀማው፣ ገበያው፣ ለቅሶ ደረሳው ሁሉ በእግር ነበር። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ የመጡት ሱዳን የደረሱት ቀንና ሌሊት በእግራቸው ተጉዘው ነው፤ ብዙዎችም በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ ቀርተዋል። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ በአውሮፕላን ሲመጡ ደግሞ፣ ብዙ ቤተሰብ ከዓመታት በላይ ሲሠራበት የኖረውን የጉልበት ሥራ ከኋላው ትቶ መጣ። እዚህ የጠበቀው ፎቅ ቤት፣ ሊፍት፣ አውቶቡስ፣ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ ነው።

ውጤቱን ሁላችንም በየቤታችን እናውቀዋለን። ቤተ እስራኤል ወደዚህ አገር ሲገቡ የስኳር በሽታ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ይገኝ እንደነበረ፣ ከዓመታት ኑሮ በኋላ ግን እጅግ እንደጨመረ የእስራኤል ሐኪሞች ባደረጓቸው ጥናቶች ታውቋል። ደም ግፊቱና የጉልበት ሕመሙም አብሮ መጥቷል።

በሥራችን ምክንያት ብዙ ቤት እንገባለን። በየቤቱ የምናየው ነገር ተመሳሳይ ነው፦ እናት ልትነሳ ስትል ልጅ ሮጦ «ተይ እማዬ፣ ቁጭ በይ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» ይላል። ይህ አክብሮት ነው፣ ወላጅን ማክበርም ከሕጋችን ነው። ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ እግር በወራት ውስጥ ይደክማል፤ ከዚያ በኋላ ከወንበር መነሳት ራሱ ሥራ ይሆናል። ልጆች ሊያውቁት የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ወላጅን ሁልጊዜ ማስቀመጥ ማሳረፍ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ድካም ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመከራል። ከዚህም ጋር ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ ሥራ ያስፈልጋል። 150 ደቂቃ ሲባል ብዙ ይመስላል እንጂ፣ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ግማሽ ሰዓቱም ጠዋት አሥር፣ ቀትር አሥር፣ ማታ አሥር ደቂቃ ተደርጎ ሊከፈል ይችላል።

ብስክሌት ለሽማግሌ ለምን ይስማማል?

ዋናው ምክንያት ጉልበት ነው። ስንራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነታችን ክብደት ጉልበታችን ላይ ያርፋል። ብስክሌት ላይ ግን ክብደቱን የሚሸከመው ኮርቻው ነው፤ ጉልበት እየታጠፈ ይዘረጋል እንጂ አይረገጥም። ስለዚህ «ሁለት መቶ ሜትር መሄድ አቃተኝ» የሚሉ ሰዎች ፔዳል ሲመቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ሊቆዩ ይችላሉ።

ሁለተኛው ስኳር ነው። የጭን ጡንቻዎች ከሰውነታችን ትልልቅ ጡንቻዎች ውስጥ ናቸው። ሲሠሩ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር እየሳቡ ያቃጥሉታል፤ ኢንሱሊን በደንብ በማይሠራበት ሰው ላይም ቢሆን የሚሠራ ጡንቻ ስኳር ይወስዳል። በተለይ ከምግብ በኋላ ትንሽ ማሽከርከር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

በ2018 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 79 የሆኑ፣ ለብዙ ዓመታት ብስክሌት የነዱ 125 ሰዎችን መርምረው፣ የጡንቻቸው ብዛትና ጥንካሬ በዕድሜ ብዛት እንዳልቀነሰ፣ በሽታ የሚከላከለው የሰውነታቸው ክፍልም ከእኩዮቻቸው የተሻለ እንደሆነ አሳውቀዋል። እርግጥ ነው እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዱ ናቸው፤ ወንዶቹ 100 ኪሎ ሜትር፣ ሴቶቹ 60 ኪሎ ሜትር መንዳት የሚችሉ ነበሩ። ከእነሱ ጋር ራሳችንን ማወዳደር አይገባም። ፈረንሳዊው ሮበር ማርሻንም እንዲሁ ለየት ያለ ሰው ነበር፦ በ2017 በ105 ዓመቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ 22 ኪሎ ሜትር ከ547 ሜትር ነዳ፤ በ2021 በ109 ዓመቱ አረፈ። ይህን የምናነሳው ብስክሌት የልጅ ብቻ ነው የሚለውን ለማስረሳት ነው። ከአገራችንም ብንል፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1956 በሜልቦርን ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነው።

ብስክሌት የማይሰጠውንም እንናገር። ክብደት ኮርቻው ላይ ስለሚያርፍ አጥንትን ብዙም አያጠነክርም። የአጥንት መሳሳት ያለባቸው እናቶች ከብስክሌቱ ሌላ መራመድና ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ያስፈልጋቸዋል። ባለበት የሚቆመው ብስክሌትም ሚዛን መጠበቅን አያስተምርም።

የትኛው ለማን?

ከዚህ በፊት ብስክሌት ነድተው የማያውቁ ወላጆች (አብዛኞቹ ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር የመጡት በቅሎ እንጂ ብስክሌት አልጋለቡም) በቆመ ብስክሌት ቢጀምሩ ይሻላል። ከሱም ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው እንደ መንገድ ብስክሌት ከፍ ያለ ኮርቻ ያለው ነው። ሁለተኛው እንደ ወንበር መደገፊያ ያለው፣ እግር ወደ ፊት የሚዘረጋበት ነው፤ ወገባቸውን ለሚያማቸው፣ ለሚዞርባቸው፣ ወይም ከፍ ብለው መውጣት ለሚፈሩ ይህ ይመረጣል። ከነዚህ ሌላ ፔዳል ብቻ ያለው ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ከወንበር ፊት መሬት ላይ ተቀምጦ እግር ያሽከረክረዋል። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ቦታም አይዝም፣ ቡና እየጠጡ፣ ከጎረቤት ጋር እየተጨዋወቱ ሊሠሩበት ይቻላል። እኛ ለእናቶች መጀመሪያ የምንመክረው ይህን ነው፤ ወንበሩ እንዳይንሸራተት ግን ጀርባውን ከግድግዳ ማስጠጋት ነው።

ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ከቤት መውጣት ለሚፈልጉ፣ ግን ሚዛን ለሚያስቸግራቸው ጥሩ ነው፤ ሲቆምም አይወድቅም። በመታጠፊያ ላይ ግን በፍጥነት ከሄዱ ሊገለበጥ ስለሚችል በዝግታ መሄድ ይገባል። ባለ ሁለት ጎማው ቀድሞ ነድተው ለሚያውቁና ሰውነታቸው ለጠነከረ ነው። ለእናቶችም ሆነ ለአባቶች መሃሉ ዝቅ ያለ፣ እግር ሳይነሳ የሚታለፍበት ቢሆን ይመረጣል።

ኤሌክትሪክ ብስክሌት አቀበት ላይ ያግዛል፤ ነገር ግን ከባድና ፈጣን ነው። በሕግ ሞተሩ ከ250 ዋት፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የራስ ቁርም ግዴታ ነው። ከ2019 ጀምሮ የመኪና መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ለዚህ ብስክሌት ፈቃድ ማውጣት አለበት። በሰባ ዓመቱ ብስክሌት ለሚማር ሰው ይህንን አንመክርም።

አነዳዱ

ከመጀመራችሁ በፊት የኩፓት ሆሊም ሐኪማችሁን ጠይቁ። ልብ፣ ግፊት፣ ስኳር ወይም የዓይን ችግር ካለ ግዴታ ነው። ሐኪሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ሊልካችሁም ይችላል፤ በዚያ መሣሪያውን በባለሙያ ፊት መሞከር ይቻላል።

የኮርቻው ከፍታ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ትንሽ ብቻ መታጠፍ አለበት። ኮርቻው በጣም ዝቅ ካለ ጉልበት ከልክ በላይ ስለሚታጠፍ ያማል፤ ሰውም «ብስክሌት ጉልበቴን ጨረሰው» ብሎ ይተዋል። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ደቂቃ፣ ያለ ምንም ክብደት፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ መጨመር ነው።

ድካሙ ልክ መሆኑን ለማወቅ ቀላል መለኪያ አለ፦ እያሽከረከሩ ማውራት መቻል፣ መዝፈን ግን አለመቻል። መሣሪያው ላይ የሚታየውን የልብ ምት ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ አንዳንድ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች ልብ በፍጥነት እንዳይመታ ስለሚያደርጉ ሰው ደክሞም ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ደረት ከያዘ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ራስ ከዞረ ወዲያው ማቆም ነው፤ የደረቱ ሕመም ካልለቀቀ 101 ማጌን ዳቪድ አዶም ይጠራ።

ልብስን በተመለከተ፣ ነጠላ ለክብር ነው፣ ለካቴና ግን አደጋ ነው። የነጠላው ጫፍ ወይም ረጅም ቀሚስ ጎማ ውስጥ ከገባ ይጥላል። ነጠላውን ቤት አስቀምጦ ወይም በደንብ ታጥቆ፣ ከቀሚስ ሥር ሱሪ ለብሶ መንዳት ነው። ጫማው ዝግ ይሁን። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ላይሰማው ስለሚችል፣ ከነዳ በኋላ ጣቶቹንና ተረከዙን ይመልከት፤ ዓይን ካስቸገረ ልጅ ይይለት።

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ስኳር ዝቅ የሚያደርግ ኪኒን የሚወስዱ ከመጀመራቸው በፊት ስኳራቸውን ይለኩ። ከ100 በታች ከሆነ ትንሽ መብላት ይገባል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ስኳር ወይም ጭማቂ ቶሎ መውሰድ ነው፤ ስለዚህ ኪስ ውስጥ ስኳር አይጥፋ። በጾም ቀን አትንዱ። ብዙ አረጋውያን ከኪፑርና ከስግድ ሌላም ይጾማሉ፤ በጾም ቀን መድኃኒቱ እንዴት እንደሚወሰድ አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር እናንሳ። በየዓመቱ በኪፑር ዕለት መኪና ስለማይኖር የዚህ አገር ልጆች መንገዱን በብስክሌት ይሞሉታል። በአስተስርዮ ቀን ይህን ያዩ ሽማግሌዎቻችን አዝነዋል፤ ብስክሌት ላይ ያላቸው ቅሬታ በከፊል ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም። እውነታቸውን ነው። ግን ከሰንበትና ከበዓል ውጪ ባለው ቀን ለጤና መንዳት ሌላ ጉዳይ ነው።

ከቤት ውጭ ለሚነዱ

በእስራኤል ሕግ ምልክት ከተደረገበት የብስክሌት መንገድ በቀር በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው። የራስ ቁር (ካስዳ) በ2011 በተሻሻለው ሕግ መሠረት በከተማ ውስጥ መደበኛ ብስክሌት ለሚነዳ አዋቂ ግዴታ አይደለም፤ ከከተማ ውጭ ግን ግዴታ ነው። እኛ በበኩላችን ሽማግሌ ሰው የትም ቢሆን ያለ ካስዳ አይውጣ እንላለን። በጨለማ ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ መብራት ያስፈልጋል፤ ከሁሉም የሚሻለው በጨለማ አለመውጣት ነው። በበጋ ከጠዋቱ ወይም ፀሐይ ከበረደ በኋላ፣ ውሃ ይዞ።

ሜዳ መንገድ ለሚፈልጉ በቴል አቪቭ የያርኮን ፓርክ፣ በቤር ሼቫ የወንዙ ፓርክ አሉ። ኢየሩሳሌም አቀበት ናት፤ ነገር ግን ፓርክ ሃመሲላ የተሠራው በድሮው የባቡር ሐዲድ ላይ ስለሆነ ባቡር ቀጥ ያለ አቀበት አይወጣምና መንገዱ ለስላሳ ነው። ከመኪና መንገድ የተለየ ቦታ ከሌለ ቤት ውስጥ ማሽከርከሩ ይበልጣል።

ስለ ግምላት ሲዑድ

«ብስክሌት ስነዳ ካዩኝ ግምላት ሲዑዱን ይቆርጡብኛል» የሚል ፍርሃት በብዙ ቤት እንሰማለን። የቢቱዋህ ሌኡሚ መመዘኛ የሚመለከተው ሰው ለመታጠብ፣ ለመልበስ፣ ለመብላት፣ ለመጸዳዳትና በቤት ውስጥ ለመንቀሳቀስ ምን ያህል የሌላ ሰው እርዳታ እንደሚፈልግ፣ እንዲሁም ጥበቃ ያስፈልገው እንደሆነ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ፔዳል ማሽከርከር ገላን ለብቻ መታጠብ አይደለም። ለመርማሪው እውነቱን መናገር ነው፤ ሐኪም ያዘዘው እንቅስቃሴ ከሆነም ወረቀቱን ማሳየት ይቻላል። ለገንዘቡ ብሎ እግርን ማድከም ግን ከገንዘቡ በላይ ያስከፍላል።

ከመግዛት በፊት

የቆመ ብስክሌት ብዙ ቤት ውስጥ አይተናል፤ የሚያሳዝነው አብዛኛው የልብስ ማንጠልጠያ ሆኗል። ስለዚህ መጀመሪያ በአካባቢያችሁ ባለው ማትናስ ወይም በአረጋውያን ማርካዝ ዮም መሣሪያው እንዳለ ጠይቁና አንድ ወር ያህል ሞክሩ። በዚያ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር እየተጨዋወቱ መሥራትም ይቻላል፤ ብቻውን ከሚሠራ ሰው ይልቅ ባልንጀራ ያለው ይቆያል። ከወሩ በኋላ የምትገዙ ከሆነ ወላጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ለብቻችሁ ገዝታችሁ አታምጡ። ወላጃችሁ ሱቁ ውስጥ ወጥተው ይቀመጡ፣ ያለ ሰው እርዳታ ለመውረድም ይሞክሩ፤ መውረድ ካስቸገራቸው ያ ብስክሌት የእሳቸው አይደለም።