ሳይጻፍ የቀረው ዘዴ

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ። ታሪኩ የአሜሪካ አየር ኃይል ነው፤ ቦታው በምዕራብ ፓስፊክ ያለችው የጓም ደሴት፣ አንደርሰን የጦር ሰፈር። ዕለቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ፌብሯሪ 23 ቀን 2008።

ሁለት ቢ-2 ቦምብ ጣዮች አራት ወር ከሰነበቱባት ደሴት ወደ ሚዙሪ፣ ወደ ዋይትማን ሰፈራቸው ሊመለሱ ነው። ቢ-2 ጅራት የለውም፤ ሁለመናው ክንፍ ነው። ኮምፒውተር ካልደገፈው አየር ላይ አይቆምም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ፍጥነቱንና የአፍንጫውን አቅጣጫ የሚያውቀው አካሉ ላይ በተተከሉ 24 የአየር ግፊት ሴንሰሮች ነው።

አንደኛው በሰላም ተነሣ። ሁለተኛው፣ «ስፒሪት ኦፍ ካንሳስ» የሚሉት፣ ተከተለው። ተንደረደረ፤ አፍንጫውን ቀና አደረገ። ኮምፒውተሩ ካሰበው ፍጥነት ግን 12 ኖት ይጎድለው ነበር። ይባስ ብሎ ያው ኮምፒውተር አፍንጫው ወደ መሬት የተደፋ መስሎት፣ አብራሪዎቹ ሳያዙት አውሮፕላኑን ወደ ላይ ገተረው፤ 30 ዲግሪ! ያን ያህል ቀጥ ሲል ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም አቃተው። ወደ ግራ አዘነበለ፤ የግራ ክንፉ ጫፍ መሬቱን ፋቀ። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም አብራሪዎች ከነወንበራቸው ተስፈንጥረው ወጡ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ አንደኛው አከርካሪው ተጎዳ። 1.4 ቢሊዮን ዶላር የሚገመተው አውሮፕላን ወድቆ ነደደ። ቢ-2 ሲከሰከስ የመጀመሪያው ነው። ቀድሞ የተነሣው ባልደረባው ተጠርቶ ተመለሰ።

ምን ነካው? እርጥበት። ጓም ዝናብና ወበቅ የማይለያት አገር ናት፤ ከ24ቱ ሴንሰሮች 3ቱ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ከበረራው በፊት ቴክኒሺያኖቹ ልኬቱን ሲያስተካክሉ ውሃው ገና እዚያው ነበር። የገበያ ሚዛን ላይ እርጥብ ጆንያ እንደተጣለ መርፌውን ዜሮ ላይ ብታደርጉት፣ ጆንያው ሲነሣ ሚዛኑ ይዋሻል። እዚህም እንዲያው ሆነ። ሊነሡ ሲሉ እንደ ደንቡ የሴንሰሮቹ ማሞቂያ ሲበራ ውሃው ተነነ፤ ኮምፒውተሩ የተሳሳተውን ልኬት ይዞ ቀረ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የሚከተለው ነው። መድኃኒቱ ከሁለት ዓመት በፊት ታውቆ ነበር! በ2006 እዚያችው ጓም ላይ ይኸው የእርጥበት ችግር ገጥሟቸው፣ ልኬቱ ከመስተካከሉ በፊት ማሞቂያውን ማብራት እርጥበቱን እንደሚያባርር ደርሰውበታል። ሌላ ዕቃ አያስፈልግም፤ ማሞቂያው አውሮፕላኑ ላይ አለ። የሰሙት አወቁት፤ ያልሰሙት አላወቁትም። የጥገና መመሪያው ውስጥ አልገባም፤ ለሚተካው ቡድን ተብሎም አልተመዘገበም። «በቃል ያለ ይረሳል» የሚባለው እንደዚህ ላለው ነው። ወታደር ደግሞ ተዘዋዋሪ ነው፤ ዛሬ ጓም ያለው ነገ ሌላ ሰፈር ነው። በዚያ ጠዋት ሴንሰሮቹን ያስተካከሉት ሰዎች ያልተነገራቸውን ከየት ያምጡት?

ስለዚህ ጣቴን ቴክኒሺያኖቹ ላይ አልቀስርም። መርማሪዎቹም ከጻፏቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ዘዴው ለሁሉም የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። አንድ ሰው በ2006 ሁለት መስመር ጽፎ ወደ መመሪያው አዘጋጆች ቢልክ፣ እነሱም ተቀብለው ቢያትሙት፣ አውሮፕላኑ ሚዙሪ በገባ ነበር።

የቀሩት 20 ቢ-2ዎች ለ53 ቀናት ከበረራ ታግደው ቆዩ። ኤፕሪል አጋማሽ ላይ እንደገና መብረር ጀመሩ።