ጉናና የከዋክብቱ ሰው

ከደብረ ታቦር ሆኖ የሰሜኑን ኮከብ መፈለግ ትዕግሥት ይጠይቃል። ክንዱን ዘርግቶ ጡጫውን የጨበጠ ሰው ቢለካው፣ ከአድማሱ በላይ ከአንድ ጡጫ ብዙም ከፍ አይልም፤ 12 ዲግሪ ያህል ነው። በሰሜን በኩል ኮረብታ ካለ ወይም የባሕር ዛፍ ተርታ ከቆመ ጭራሹኑ አይታይም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ይህ ኮከብ ከአድማስ የሚርቅበት መጠን፣ ተመልካቹ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የራቀበት መጠን ነው። የኮከቡን ከፍታ በትክክል የለካ ሰው የቆመበትን መሬት ለካ ማለት ነው።

ይህን ሥራ በደጋው ሀገራችን ላይ ዐሥር ዓመት ያህል የሠራ አንድ ሰው ነበር፤ አንቷን ዳባዲ። በታሪክ መጻሕፍት «ፈረንሳዊው ተጓዥ» ተብሎ በአንድ ሐረግ ይታለፋል፤ ወይም ከሀገር ስለወጡ ብራናዎች ሲነሣ ስሙ ይነሣል። የከዋክብት ሊቅነቱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኔ ግን ሌላው ሥራው ሁሉ፣ ካርታውም መዝገበ ቃላቱም፣ ከዚሁ ከሰማይ ልኬት የተወለደ ይመስለኛል።

ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ የባስክ ሀገር ሰው፣ እናቱ አየርላንዳዊት ነበሩ። ትምህርቱን በፈረንሳይ ተማረ። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን መግነጢስ እንዲያጠና ወደ ብራዚል ልኮት ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1838 ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ወረደ። ጎንደር ደርሰው ጥቂት እንደቆዩ አንቷን አንድ ነገር ገባው፤ ይዞት የመጣው መሣሪያ ይህን ሀገር ለመለካት አይበቃም። ወንድሙን ትቶ ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ የተሻለ መሣሪያ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1840 እንደገና ምጽዋ ገባ። መንገዱ ምን ያህል እንደነበረ ለሚያውቅ ይህ ውሳኔ ብቻውን የሰውየውን ጠባይ ይናገራል። ታናሽየው አርኖ በበኩሉ የጎጃሙ የደጃዝማች ጎሹ ባለሟል ሆነ፤ «ራስ ሚካኤል» እየተባለም ተጠራ። አንዱ ጦር ሜዳ ሲውል ሌላው ተራራ ላይ ያድር ነበር ማለት ይቻላል።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ስም ብቻ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሥልጣኑ ያለው በደብረ ታቦር፣ በራስ ዓሊ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1842 የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ከአቡነ ሰላማ ጋር ሆነው ደብረ ታቦር ድረስ መጡና ራስ ዓሊን ድል ነሡ። ዓሊ ሸሹ። ውቤ ግን ድላቸውን ሲያከብሩ የዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ማረካቸው፤ የተሸነፈው አሸናፊ፣ ያሸነፈውም ምርኮኛ ሆነ። እንዲህ ባለ ወራት አንድ ፈረንጅ አምባ ላይ ወጥቶ፣ በሦስት እግር በቆመ የናስ ዕቃ አገሩን እየቃኘ በደብተር ቁጥር ሲጽፍ የሚያይ ሰው ምን ያስባል? ሰላይ ነው ቢል፣ አስማተኛ ነው ቢል ማን ይፈርድበታል! አማርኛችን ራሱ ከዋክብትን የሚመረምረውንና ዕጣ ፈንታ የሚናገረውን በአንድ ስም «ኮከብ ቆጣሪ» ብሎ ሲጠራ የኖረ ነው።

የናሱ ዕቃ ቴዎዶላይት ይባላል፤ የማዕዘን መለኪያ ነው። አሠራሩን ለመረዳት ብዙ ሂሳብ አያስፈልግም። ቦታቸው የታወቀ ሁለት ኮረብታዎች ላይ በየተራ ይቆሙና ወደ ጉና ራስ ያነጣጥራሉ፤ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ጉና ነው። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚመነጩበት፣ ከጋይንትም ከፎገራም የሚታይ ተራራ ነው። እንዲህ ያለ ተራራ ለለኪ ሰው ትልቅ ሀብት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተያዘ ከየአቅጣጫው ሌላውን ሁሉ ለማሰር ያገለግላል። ከፍታን ደግሞ በፈላ ውኃ ይለኩ ነበር። በደብረ ታቦር ከፍታ ላይ ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በጉና ራስ ላይ ወደ 86 ይወርዳል። ባቄላ ለመቀቀል እንጨት የፈጀች የደጋ እናት ይህን ያለ ቴርሞሜትር ታውቀዋለች።

አስቸጋሪው ነገር ምሥራቅና ምዕራብን ማወቅ ነው። ለዚያ ሁለት ቦታዎች በአንድ ቅጽበት ስንት ሰዓት እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በበቅሎ ጀርባ የተንገላታ ሰዓት ደግሞ አይታመንም። ስለዚህ የዘመኑ ለኪዎች ወደ ጨረቃ ያዩ ነበር፤ ጨረቃ አንድን ኮከብ የምትጋርድበት ቅጽበት ከፓሪስም ከኢትዮጵያም ሊሰላ የሚችል የሰማይ ደወል ነውና። ዳባዲ ከዋክብቱን የሚፈልገው ለመደነቅ አልነበረም፤ መሬቱ እንዳይንሸራተትበት በሰማይ ላይ ይቸነክረው ነበር እንጂ።

ነገር ግን ቴዎዶላይት የማይሰጠው አንድ ነገር አለ፤ ስም። መነጽሩ ማዕዘኑን ይነግራል፤ «ያ ተራራ ማን ይባላል?» የሚለውን የሚመልሰው በአጠገቡ የቆመ እረኛ፣ መንገደኛ ወይም ቄስ ብቻ ነው። ስም የሌለው ነጥብ በካርታ ላይ ዋጋ የለውም፤ ስሙ ተሳስቶ የተጻፈም እንደዚያው። ከእርሱ በፊት የመጡ ብዙ ተጓዦች የቦታ ስም በየጆሯቸው እንደገባላቸው ያበላሹ ነበር። ዳባዲ ይህን አልታገሠም፤ ጰና ፐን፣ ጠና ተን፣ ቀና ከን ለይቶ የሚጽፍበት የላቲን ፊደል ምልክት አበጀ። የምድር ለኪው የቋንቋ ሰው የሆነው እንዲህ ነው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1881 ወደ 15,000 የሚጠጉ ቃላት ያሉበትን የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ በርእሱም ላይ ቋንቋውን ፈረንሳዮቹ እንደሚሉት «አማሪክ» ሳይሆን፣ ተናጋሪው እንደሚለው «አማርኛ» ብሎ ጻፈው።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። ዳባዲ የመጣው ሰማይ የማይቆጠርበት ሀገር አይደለም። በጎንደርና በአካባቢው ባሕረ ሐሳብና አቡሻክር የጉባኤ ትምህርት ነበሩ። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ዑደት፣ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ የሚሆኑበትን ሥርዓት፣ ተማሪው ያለ ወረቀት በጣቱ አንጓ ላይ ያሰላው ነበር። ሰዓት በጥላ፣ ጥላ በጫማ ይለካል። ወንድማማቾቹን በጎንደር የተቀበላቸውና ያስተናገዳቸው ሊቅ አጽቁ ደግሞ የሕግና የመጻሕፍት ሰው ነበር። ልዩነቱ የሚገርም ነው። አቡሻክር አንዱን ዕለት ለስድሳ ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ክፍል «ኬክሮስ» ይባላል፤ 24 ደቂቃ ማለት ነው። ዳባዲ ግን የስድሳን ቁጥር የማይወድ፣ ክቡን ለ360 ሳይሆን ለ400 የሚከፍል የዐሥርዮሽ አማኝ ነበር። ዛሬ በትምህርት ቤት «ኬክሮስ» ስንል የጊዜን ክፍል ሳይሆን ከምድር ወገብ ያለውን ርቀት ማለታችን ነው፤ ዳባዲ በሰሜኑ ኮከብ ይለካው የነበረውን ማለት ነው። ቃሉ ከደብተራው ጉባኤ ተነሥቶ ወደ ለኪው ካርታ ተሻገረ።

ስሕተትም ሠርቷል፤ ትልቅ ስሕተት። የነጭ ዓባይ ምንጭ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በግቤ ወንዝ ነው ብሎ አመነ፤ እ.ኤ.አ. በ1846 ከወንድሙ ጋር ሄዶ የግቤን ምንጭ «አገኘሁ» አለ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ግን ከፋ ስለመድረሱ እንኳ ተጠራጥሮ እ.ኤ.አ. በ1850 የክስ ያህል የከረረ መጽሐፍ ጻፈበት። በከፋው ጉዞ ቢክ ተሳስቷል፤ በዓባይ ግን ዳባዲ ተሳስቷል። ግቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ነው የሚፈሰው፤ ይህም በቦቴጎ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1896 ሲረጋገጥ ዳባዲ ገና በሕይወት ነበር። ማዕዘን በመለካት እንዲያ ጥንቁቅ የነበረ ሰው፣ ያላየውን የወንዝ መጨረሻ በግምት መሙላቱ ያሳዝናል።

ወደ ፈረንሳይ ከተመለሰ በኋላ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ በእንዳይ ከተማ፣ አባዲያ የሚባል ግንብ አሠራ። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1864 እስከ 1879 ቆየ፤ ንድፉ የታዋቂው የቪዮሌ ለ ዱክ ነው። ግማሹ መኖሪያ፣ ግማሹ የከዋክብት መመልከቻ ነው። ግድግዳው ላይ የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ ሥዕሎችና በፊደላችን የተጻፉ ቃላት አሉ። በምግብ ቤቱ ወንበሮች ጀርባ ላይ በየአንዳንዱ አንድ አንድ የአማርኛ ፊደል ተጽፏል፤ ወንበሮቹ ተሰልፈው ሲነበቡ በዚህ ማዕድ ዙሪያ ከዳተኛ እንዳይገኝ የሚለምን ጸሎት ይወጣል። የመሳፍንቱን ግብር ያየ ሰው ጸሎት ነው። በታላቁ ደረጃ ሥር ደግሞ መብራት ይዞ የቆመ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሐውልት አለ፤ ስሙ አብዱላህ ይባላል። መሣሪያውን የተሸከሙ፣ መንገድ የመሩ፣ የተራራ ስም የነገሩት ብዙዎች ነበሩ፤ በድንጋይ ቀርጾ ያስቀረው ግን ይህን አንዱን ነው።

በዚሁ ግንብ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የምወደው አንድ ቀዳዳ ነው። ዳባዲ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ የሚጎብጥበትን መጠን ለማወቅ፣ ከሩቅ ያለውን የላሩን ተራራ በቀጥታ ለማየት ግድግዳዎቹን ሁሉ የሚያልፍ ቀዳዳ አስቆፈረ። ሙከራው አልተሳካም። እርሱም ምንም እንዳላየና ምንም እንዳልተማረ በባስክ ቋንቋ እዚያው ድንጋዩ ላይ አስጻፈ። በግቤ ያልነበረው ትሕትና እዚህ አለ።

ሳይንስን ለሕዝብ በማድረስ ዳባዲ የዘመኑ ቀዳሚ አልነበረም። የዚያን ጊዜው ገናና ሰው ካሚል ፍላማርዮን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1880 ያወጣው የሥነ ፈለክ መጽሐፍ በአያሌ አስር ሺህ ቅጂ ተሸጠ። ዳባዲ በማግስቱ ዓመት ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነበር፤ ገዢው ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያቅትም። የኢትዮጵያ ልኬቶቹን እንኳ አሰናድቶ «የላይኛው ኢትዮጵያ ጂኦዴዚ» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 ለኅትመት ያበቃው ሩዶልፍ ራዶ ነው፤ ራዶ ራሱ ስለ ድምፅ ሳይንስ ለተራ አንባቢ የጻፈ፣ ለመጽሔቶችም ሳይንስን የሚያብራራ ሰው ነበር። ዳባዲ የራሱን ትምህርት በመጽሐፍ ሳይሆን በቤቱ ግድግዳ አስተማረ ቢባል ይቀላል። ግንቡ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ስለ ከዋክብት ሊያይ የገባ ፈረንሳዊ ሕፃን ሀ ሁ ሂን አይቶ ይወጣል።

ሰማይን እስከ መጨረሻው አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1851 በኖርዌይ፣ በ1860 በእስፓኝ የፀሐይ ግርዶሽ ተመለከተ። በ1882፣ በ72 ዓመቱ፣ ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ሄይቲ ድረስ ሄደ። በ1892 የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1897 በፓሪስ ዐረፈ። አባዲያን ለአካዳሚው አወረሰ፤ አንድ ግዴታም አኖረ፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የ500,000 ከዋክብት ዝርዝር እንዲዘጋጅ። ቀሳውስት የሆኑ ተመልካቾች ሌት ሌት ቆጠሩ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1975 ቆመ። በእንዳይ የሰሜኑ ኮከብ 43 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በግንቦት ምሽት ከደብረ ታቦር በስተ ደቡብ የሚቆመው የደቡብ መስቀል ግን ከዚያ አድማስ በላይ አይወጣም።

ሰብስቦ የወሰዳቸውና እርሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1859 በካታሎግ የዘረዘራቸው 234 ብራናዎች በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ገዝቷቸዋል፣ አስገልብጧቸዋል፤ ከመቅደላው ዘረፋ ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀምጠውም። ሆኖም በየደብሩ ቢቀሩ ኖሮ የሚያነባቸው ተማሪ እንደነበረ መርሳት አይቻልም። አሁን ብዙዎቹ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥተው በኢንተርኔት ተለቀዋል። በደብረ ታቦር ስልክ የያዘ የአብነት ተማሪ፣ መረቡ ካልተቋረጠበት፣ በበቅሎ ተጭነው የወረዱትን ብራናዎች ቅጠል በቅጠል ሊያነብባቸው ይችላል።