ሆም ራን፦ «ደርሶ መልስ ምት»

ነሐሴ 30 ቀን 1906 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5 ቀን 1914) ከቶሮንቶ ማዶ ባሉት ደሴቶች ላይ፣ ሃንላንስ ፖይንት በተባለው ስፍራ፣ የከተማዋ የቤዝቦል ቡድን ሜፕል ሊፍስ ከአሜሪካው ፕሮቪደንስ ግሬይስ ጋር ተጋጠመ። ሜፕል ሊፍስ የሚለውን ስም ዛሬ የሚያውቁት የበረዶ ሆኪ ወዳጆች ናቸው፤ ቀድመው የያዙት ግን እነዚህ የቤዝቦል ተጫዋቾች ነበሩ። ተመልካቹ ሐይቁን በጀልባ ተሻግሮ ነው ሜዳው የሚደርሰው። ለፕሮቪደንስ ኳስ የሚወረውረው የ19 ዓመቱ ቤብ ሩት ነበር። ቶሮንቶዎች ጨዋታውን ሙሉ ከእሱ ውርወራ አንድ የተሳካ ምት ብቻ አግኝተው 9 ለ 0 ተሸነፉ። ሩት ግን በውርወራው ብቻ አላበቃም። በስድስተኛው ዙር ዱላውን ይዞ ቀረበና፣ ሁለት ጓደኞቹ ቤዝ ላይ ቆመው ሲጠብቁ፣ ኳሷን መትቶ ሦስት ነጥብ አስቆጠረ። ኳሷ ኦንታሪዮ ሐይቅ ገባች ይባላል። በመደበኛ የፕሮፌሽናል ውድድር የመጀመሪያው ሆም ራኑ ይህ ነው፤ ኋላ በዋናዎቹ ሊጎች 714 መትቷል።

ሆም ራን ምን እንደሆነ ለመረዳት ከኳሷ ይልቅ ሯጩን መከተል ይሻላል። መቺው የሚቆመው «ሆም» በሚባል፣ ከመሬት እኩል በተነጠፈ አምስት ማዕዘን ነጭ የጎማ ሰሌዳ አጠገብ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ሦስት ቤዞችን በተራ ይረግጥና ወደዚያው ወደ ሆም ይመለሳል። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት 27 ሜትር ከግማሽ ገደማ ስለሆነ፣ ዙሩ በድምሩ 110 ሜትር ያህል ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ተጫዋቹ አንድ ቤዝ ደርሶ ይቆማል፤ ቀጣዩ መቺ እስኪያስኬደው ይጠብቃል። በአንድ ምት፣ ያለ ተጋጣሚ ስህተት፣ ሙሉውን ዞሮ ከገባ ሆም ራን ነው። ኳሷ በሕጋዊው መስመር ውስጥ አልፋ አጥሩን ከተሻገረች ማንም ሊይዛት ስለማይችል፣ መቺው እየተዝናና ዞሮ ይገባል።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? ቃል በቃል «የቤት ሩጫ» ማለት ሳሎን ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ነው የሚያስታውሰው። «ከአጥር ውጭ ምት» ደግሞ ለብዙዎቹ ይሠራል፤ ለሁሉም ግን አይሆንም። ኳሷ ከሜዳው ሳትወጣ፣ ተከላካዮች እያሳደዷት፣ መቺው በፍጥነቱ ዞሮ የሚገባበት ሆም ራን አለና። ነጥብ የሚያሰጠው ሄዶ መመለሱ ነው፤ አጥሩ መንገዱን ያቀልለታል እንጂ።

ስለዚህ «ደርሶ መልስ ምት» የሚለውን እመርጣለሁ። የአውቶቡስም የአውሮፕላንም ትኬት ስንቆርጥ የምንጠቀምበት ቃል ነው፤ ከተነሣህበት ደርሰህ መመለስን ይዟል። የእግር ኳስ ወዳጆች «የደርሶ መልስ ጨዋታ» ሲባል በሁለቱም ቡድኖች ሜዳ የሚደረገውን ግጥሚያ እንደሚያስቡ አውቃለሁ። «ምት» የሚለው ሲከተለው ግን መምታታቱ ይቀራል። በቀጥታ ስርጭት ላይ ፍጥነት ስለሚያስፈልግ «ሆም ራን» ቢባል ቅር አይለኝም፤ በጽሑፍና ለአዲስ ተመልካች ሲብራራ ግን የአማርኛው ይቅደም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፦ ነጥቡ። ቤዝ ላይ የቆሙት ጓደኞች ሁሉ ከመቺው ጋር ስለሚገቡ፣ አንድ ምት ከአንድ እስከ አራት ነጥብ ያስገኛል። ይህንንም «ባለ አንድ»፣ «ባለ ሁለት» እያልን መጥራት እንችላለን። ሩት ሃንላንስ ፖይንት ላይ የመታው ባለ ሦስት ደርሶ መልስ ምት ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1993) የቶሮንቶው ጆ ካርተር ስካይዶም በተባለው ስታዲየም ውስጥ በዘጠነኛው ዙር የመታውም እንዲሁ ባለ ሦስት ነው፤ 6 ለ 5 ሲመሩ የነበሩትን ፊላደልፊያዎች 8 ለ 6 አስረትቶ ለቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ሁለተኛውን የዓለም ሲሪስ ዋንጫ አስገኘ።