ቀለህ የማይጣልበት አገር

ከምኖርበት ከኮልፌ ልጀምር። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ማሰልጠኛ ወታደራዊ ትምህርት ተከታትለው ሲሰናበቱ፣ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ ሰጧቸው። ታሪኩን ማንዴላ ራሳቸው ጽፈውታል። ጥይት ተቆጥሮ መሰጠቱ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

በአሜሪካ ባዶ ቀለህ ለቅሞ እንደገና መሙላት የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ሰውየው ከሥራ መልስ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሞላል፤ ቅዳሜ ኢላማ ይተኩሳል። አያቶቻችንም ቀለህ መሙላት ያውቁ ነበር። ለእነሱ ግን ጨዋታ አልነበረም።

ውጅግራን አስታውሱ። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት የሆነው የግራ ጠመንጃ። በምኒልክ ዘመን ጥይቱ ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ገበያ ላይ ይገላበጥ ነበር። ብር የሆነ ነገር ደግሞ አይጣልም። የተተኮሰው ቀለህ ተለቅሞ፣ በአገር ባሩድና በእርሳስ ተሞልቶ ወደ ዝናር ይመለስ ነበር።

ባሩዱ አገር ቤት ይወቀጣል፤ ድኝ ከአፋር በረሃ ይመጣል፤ ከሰሉ ሞልቷል። ከቀለሁ ሥር ያለችው፣ ስትመታ እሳት የምትሰጠው ትንሽ ቆብ ግን የፋብሪካና የኬሚስትሪ ውጤት ናት። እሷ ከባሕር ማዶ ካልመጣች ጀግናውም ጠመንጃውም ዝም ይላሉ። የአገር ሉዓላዊነት ከምስር ፍሬ በማትበልጥ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ምኒልክ ይህን ያውቁ ነበር። በ1885 ዓ.ም. ጣልያን ልባቸውን ለማለዘብ 2 ሚሊዮን ጥይት ላከችላቸው። ጥይቱን ተቀበሉ፤ የውጫሌን ውል ግን አፈረሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዓድዋ ሆነ።

በ1928ቱ ወረራ ዋዜማ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልተገኘም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ አገዱ። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ጣልያን ግን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ አልነበረንም። ስለዚህ እገዳው ያረፈው በእኛ ላይ ብቻ ነበር። አርበኛውም ከጠላት እየማረከ፣ እያንዳንዷን ጥይት እየቆጠረ አምስት ዓመት ተዋጋ።

ዛሬ ያ ችግር ተቃልሏል። ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ አለን። መሣሪያን የሚቆጣጠር አዋጅም አለን፤ ቁጥር 1177/2012።

የጠፋው ቆጠራው ነው። ጥይት ብርቅ በነበረበት ዘመን ተኳሹ ቃታ ከመሳቡ በፊት «ማን ላይ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ስህተቱ ውድ ነበርና። እኛ ግን በሠርግ ወደ ሰማይ፣ በጠባችን ወደ ወንድማችን እንተኩሳለን። ቀለሁን የሚለቅም የለም፤ የወደቀውን የሚቆጥርም እንዲሁ።

ጥይት መሥራቱን ተምረናል። አያቶቻችን ይጠይቁት የነበረውን ጥያቄ መልሰን የምንማረው መቼ ይሆን?