ደህለክ፦ የግዞት ደሴት የዒልም ደጅ የሆነችበት ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በቀጠናችን ስላለው የእስልምና ታሪክ ሲወራ ሁላችንም ቶሎ የምንጠራቸው ስሞች አሉ፦ ነጃሺ፣ ሐረር፣ ኢፋት፣ ወሎ። ማሻአላህ፣ ሊጠሩም ይገባል። ደህለክ የሚለውን ስም የምናውቅ ግን ጥቂት ነን። ኡመያዎች ወንጀለኛና ተቃዋሚ የሚያግዙባት፣ ከታላላቅ ታቢዒዮች አንዱ ፊቅህ ያስተማረባት፣ ሱልጣኖቿ ስማቸውን በጥቁር ድንጋይ ላይ ቀርጸው ያለፉባት ደሴት ናት። ዛሬ ታሪኳን አብረን እንይ።

▪ ቦታው የት ነው?

ደህለክ አንድ ደሴት ብቻ አይደለችም። በቀይ ባሕር ላይ ከምጽዋ ፊት ለፊት የተበተኑ ከ100 በላይ ደሴቶች የጋራ ስም ነው። ዛሬ በኤርትራ ግዛት ውስጥ ይገኛሉ። ሰው የሚኖርባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ትልቋ ደህለክ ከቢር ትባላለች፤ ስፋቷ ከ600 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ነዋሪዎቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ ከትግረ ቋንቋ ጋር የሚዛመድ ዳሃሊክ የሚባል የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ይህን ቋንቋ የቋንቋ አጥኚዎች ለይተው ያወቁት ገና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው።

መሬቱ ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ የኮራል ድንጋይ ነው። ወንዝ የለውም፤ ዝናቡ ትንሽ፣ ሙቀቱ ከባድ ነው። ታዲያ ሰው እንዴት ኖረበት? የጥንት ነዋሪዎች ዓለቱን እየፈለፈሉ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙ ጉድጓዶች ሠሩ። የአካባቢው ሰው ጉድጓዶቹ በዓመቱ ቀናት ልክ ነበሩ ይላል፤ በየቀኑ ከአንዱ ብቻ እየተቀዳ ዓመቱ ይሞላ ነበር ማለት ነው። ቁጥሩ ትውፊት ነው፤ ጉድጓዶቹ ግን ዛሬም አሉ። አንዲት ጠብታ ውሃ እንኳ እንዳትባክን ያሰበ ሕዝብ ሥራ ነው።

▪ ከጅዳ ወረራ እስከ ኡመያዎች

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሰሓባዎች ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ይህንኑ ባሕር አቋርጠው ነው። የምጽዋ ሰዎች ሰሓባዎቹ የወረዱት በእነሱ ዳርቻ ነው ብለው ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይናገራሉ፤ በስማቸው የሚጠራ የመስገጃ ቦታም ያሳያሉ።

ከመቶ ዓመት በታች ባለ ጊዜ ውስጥ ግን ያ ባሕር የሰላም መንገድ መሆኑ ተቋረጠ። በ702 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ከሐበሻ በኩል የተነሱ የባሕር ወንበዴዎች ጅዳን ወረሩ። ጅዳ የመካ በር ናት፤ ጉዳዩ ለኡመያ መንግሥት ቀላል አልነበረም። ዘመኑ የዐብዱልመሊክ ኢብን መርዋን ነበር። መርከቦች የሚያልፉበትን መንገድ ለመጠበቅ ሲሉ ሙስሊሞቹ ደህለክን ያዙ። በአፍሪካ ቀንድ የባሕር ዳርቻ ላይ የሙስሊም መንግሥት ቀድሞ ከያዛቸው ቦታዎች አንዷ በዚህ መልኩ ደህለክ ሆነች።

ኡመያዎች ግን ለደሴቲቱ ሌላ ሥራም አገኙላት፤ ግዞት። ከደማስቆ ሩቅ ናት፤ ሙቀቷ ያቃጥላል፤ ባሕሩ ከግንብ ይበልጣል። ስሟ ራሱ ማስፈራሪያ ሆነ። ፍትሐዊው ኸሊፋ ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ የዚድ ኢብን አል-ሙሀለብ የተባለውን ኃያል ገዥ በመንግሥት ገንዘብ ጉዳይ ይዘው ወደ ደህለክ እንዲወሰድ ባዘዙ ጊዜ፣ ሰውየው በመንገድ ላይ ወገን የለኝም ወይ እያለ ይጮህ እንደነበር ጠበሪይ ዘግቧል። ወደ ደህለክ የሚላከው ወራዳ ሌባ እንጂ እንደ እሱ ያለ ሰው አይደለም ባይ ነበር። ጎሳው እንዳይነጥቀው ስለተፈራም ከመንገድ ተመልሶ በሌላ ቦታ ታሰረ።

▪ ሁለቱ ግዞተኞች

በዚያው ዘመን ሁለት የመዲና ሰዎች በደህለክ ታሪክ ውስጥ ተፈራረቁ። የሁለቱ ታሪክ ሲነጻጸር ትልቅ ቁም ነገር አለው።

የመጀመሪያው አል-አሕወስ የሚባል ገጣሚ ነው። ተራ ሰው አይደለም። ከአንሷር ቤተሰብ ነው፤ የታላቁ ሰሓባ የዓሲም ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) ዘር ነው። ነገር ግን ምላሱን አልጠበቀም። የተከበሩ ሴቶችን ስም እየጠራ ይገጥም ነበርና ተገረፈ፤ ወደ ደህለክም ተጋዘ። ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ በ717 (እ.ኤ.አ.) ኸሊፋ ሲሆኑ አንሷሮች ሄደው ይቅር እንዲሉት ለመኗቸው። ዑመር እምቢ አሉ። የሰዎችን ክብር የነካ ሰው ዘሩ ስለከበረ ብቻ አይለቀቅም።

ሁለተኛው ዒራክ ኢብን ማሊክ አል-ጊፋሪይ ነው። እሱ ታቢዒይ ነው፤ የአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ተማሪ። ሙስሊም በፈረሱ ላይ ዘካ እንደማይከፍል የሚገልጸው፣ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ሐዲስ በአቡ ሁረይራ በኩል የደረሰን በእሱ አማካይነት ነው። ዒራክ የዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ ብርቱ ደጋፊ ነበር። ዑመር የገዛ ቤተሰባቸው የመርዋን ልጆች ያላግባብ የያዙትን ንብረት ለሕዝቡ ሲመልሱ ከጎናቸው ጸንተው ከቆሙት አንዱ ነው።

ዑመር በ720 (እ.ኤ.አ.) ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ተተኪው የዚድ ኢብን ዐብዱልመሊክ ነገሩን ገለበጠው፤ ገጣሚውን ከደህለክ አስመጣ፣ ዓሊሙን ወደ ደህለክ ላከ። ንብረት የተወሰደባቸው ሰዎች ቂማቸውን ተወጡ።

ኪታብ አል-አጋኒን የጻፈው አቡል ፈረጅ አል-ኢስፈሃኒ የነገሩን መጨረሻ ይነግረናል። እሱ እንዳለው የደህለክ ሰዎች ግጥምን ከአል-አሕወስ፣ ፊቅህን ደግሞ ከዒራክ ወርሰው እየተቀባበሉ ያስተላልፉ ነበር። እንግዲህ አስቡት። ገዥው ዓሊሙን የላከው ድምፁ እንዲጠፋ ነበር። የሆነው ግን በመዲና የተማረው ዕውቀት ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ደሴት ላይ መተከሉ ነው። የዚድ ሊቀጣ የላከው ሰው ለደሴቱ ሕዝብ ስጦታ ሆነ።

▪ ከግዞት ወደ ሱልጣኔት

ዘመን ተለወጠ፤ ደህለክም ተለወጠች። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የታሪክና የጂኦግራፊ ጸሐፊው የዕቁቢይ የሐበሻው ንጉሥ የሚገበያይባት ወደብ አድርጎ ጠቅሷታል። ሉልና የኤሊ ልብስ ከባሕሩ ይወጣል፤ የዝሆን ጥርስና ሌላው ከመሐል አገር ይመጣል። ከግብፅ ወደ ሕንድ የሚሄዱ ነጋዴዎች ያርፉባታል። በካይሮ ምኩራብ ውስጥ ተጠብቀው የቆዩት የአይሁድ ነጋዴዎች ደብዳቤዎች እንኳ ደህለክን ይጠቅሳሉ።

ታሪክን ስንናገር ግን የሚያኮራውን ብቻ መርጠን አንናገርም። በዚህ ወደብ ሰውም ተሸጧል። የደህለክ ገዥ ለየመኗ ዘቢድ ከሚልከው ግብር መካከል የሐበሻ ባሮች እንደነበሩበት ተጽፏል። በ13ኛው ክፍለ ዘመንም የግብፁ ሱልጣን በይበርስ፣ የደህለክና የሰዋኪን ገዥዎች የሞቱ ነጋዴዎችን ንብረት ይወርሳሉ ብሎ ወቅሷቸዋል። ሙስሊም መባል ብቻውን ከበደል አያድንም፤ ይህንንም ከታሪካችን መማር አለብን።

አላህ ግን የተዋረደውን ከፍ ያደርጋል። በባርነት ወደ የመን ከተወሰዱት ሐበሾች መካከል ነጃሕ የሚባል ሰው በ1022 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በዘቢድ የራሱን መንግሥት መሠረተ። እሱ በጠላቱ በዐሊይ አስ-ሱለይሒ ሴራ ሲሞት ልጆቹ የተሸሸጉት የት ይመስላችኋል? በደህለክ ነው። ልጁ ሰዒድ ከደሴቲቱ ተነስቶ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ ባሕሩን ተሻገረ፤ ሱለይሒን ገድሎ የአባቱን ዙፋን መለሰ። ወንድሙ ጀያሽ ደግሞ ነግሦ ሳለ የዘቢድን ታሪክ የጻፈ የዕውቀት ሰው ነበር። ግዞተኛ የሚላክባት ደሴት አሁን መሸሸጊያ ሆነች።

▪ ድንጋዮቹ ይናገራሉ

ከነጋዴ ደብዳቤና ከሩቅ ጸሐፊዎች በላይ ስለ ደህለክ የሚመሰክሩት መቃብሮቿ ናቸው። በደህለክ ከቢር የተገኙት በዐረብኛ የተጻፉ የመቃብር ድንጋዮች ከ200 ይበልጣሉ። ቀን ከተጻፈባቸው መካከል ቀዳሚዎቹ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ 16ኛው ክፍለ ዘመን ይደርሳሉ። ብዙዎቹ ማዕዘኑ በሾለ በሚያምር የኩፊ ፊደል የተቀረጹ ናቸው። የቁርኣን አንቀጽ፣ የሟቹ ስም ከነዘሩ፣ የሞተበት ቀን፣ ዱዓ። የወንዶችም የሴቶችም ስም አለበት።

የሱልጣኖቹን ቅደም ተከተልም የምናውቀው በዋናነት ከእነዚህ ድንጋዮች ነው። ሱልጣን አል-ሙባረክ በ1093 (እ.ኤ.አ.) እንደሞተ የነገረን የታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን የራሱ የመቃብር ድንጋይ ነው።

አሁን የሚያሳዝነው ይመጣል። ከእነዚህ ድንጋዮች ብዙዎቹ ዛሬ በቦታቸው የሉም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መንገደኞችና የቅኝ ግዛት ሹሞች እየነቀሉ ወሰዷቸው። አንዳንዶቹ አስመራ ቀሩ፤ ሌሎቹ በጣሊያንና በፈረንሳይ ሙዚየሞች ይገኛሉ። በስፋት አንብበው መጽሐፍ ያወጡላቸውም ጆቫኒ ኦማን የተባለ ጣሊያናዊና ማድሌን ሽናይደር የተባለች ፈረንሳዊት ናቸው፤ በ1976 እና በ1983 (እ.ኤ.አ.)። ለሥራቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ዐረብኛ ስንቀራ ያደግን እኛ፣ የቁርኣኑን አንቀጽ ገና ስናየው የምናውቀው እኛ፣ የት ነበርን?

▪ ታሪክ ራሱን ሲደግም

በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፖርቹጋል መርከቦች ቀይ ባሕር ገቡ፤ በ1557 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ዑስማኒያዎች ምጽዋን ያዙ። ንግዱ ወደ ሌላ ዞረ፤ የደህለክ ሱልጣኔትም ከሰመ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። በ1885 (እ.ኤ.አ.) ምጽዋን ከያዘ በኋላ ከደህለክ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ኖክራ ላይ እስር ቤት ከፈተ። ለቅኝ ገዥ ያልተገዙ ኤርትራውያን፣ በኋላም በፋሺስት ወረራ ጊዜ የተያዙ ኢትዮጵያውያን በዚያ ሙቀትና ጥማት ተሰቃዩ። ብዙዎች አልተመለሱም። እስር ቤቱ የተዘጋው በ1941 (እ.ኤ.አ.) ጣሊያን ሲሸነፍ ነው። ከኡመያ ግዞት እስከ ጣሊያን እስር ቤት ወደ 1200 ዓመት ገደማ አለፈ፤ የገዥዎች ሐሳብ ግን ያው ነበር፤ የማንፈልገውን ሰው ባሕር ላይ እንጣለው።

▪ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ የገዥ ቅጣት የሰውን ዋጋ አይወስንም። አል-አሕወስና ዒራክ የተላኩት ወደ አንድ ደሴት ነው። አንዱ በምላሱ፣ ሌላው በሐቅ ላይ በመቆሙ። ዛሬ የየዚድ ቤተ መንግሥት የለም፤ የዒራክ ሐዲስ ግን በየመድረሳው ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ዕውቀት ያለው ሰው በተጣለበት ቦታ ሁሉ ያስተምራል። ከዘመድ የራቅህ ወንድሜ፣ በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሪ እህቴ፣ ያለንበት ቦታ የመረጥነው ላይሆን ይችላል። እዚያ የምንዘራውን ግን እንመርጣለን።

ሦስተኛ፣ ታሪካችንን እኛው እናንብብ። በየከተማችን፣ በየመንደራችን የአባቶቻችን የመቃብር ድንጋይ፣ በእጅ የተጻፈ ኪታብ፣ የአሮጌ መስጂድ ጽሑፍ አለ። ሲፈርስ ዝም አንበል። ዐረብኛ የሚያነብ ከመስጂዱ ሽማግሌዎች ፈቃድ ጠይቆ ያንብበው፣ ይመዝግበው፣ ፎቶ ያንሳው፤ ድንጋዩ ግን ከቦታው አይነሳ። የደህለክ ሰዎች ጠብታ ውሃ እንዳትባክን ዓለት ፈልፍለዋል። እኛም ያለችንን የታሪክ ጠብታ እንዳናባክን አላህ ይርዳን።

አላህ ያለፉትን ሙስሊሞች ይማር፣ ዕውቀትን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን!

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።