ከካላ እስከ አሞጭ፦ የጥቁር አበባ ስምና የስሜን ታሪክ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። የዕፅዋትን የሳይንስ ስም የሚያወጣው ግን ሰው ነው፤ ሰውም እንደ ዘመኑና እንደ ዕውቀቱ ይሳሳታል። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን በደጋው አገራችን በየግቢው፥ ውኃ ከማይለየው ቦይ ዳር የምናየው፥ ቅጠለ ሰፊውና እንደ ጥሩንባ የተጠቀለለ ነጭ አበባ የሚያወጣው ካላ ነው።

የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ይህን አበባ «ዛንቴዴስኪያ ኤቲዮፒካ» ይሉታል። ስሙን የሰማ ሁሉ «የአገሬ ልጅ ነው» ብሎ ቢኮራ አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የተክሉ የትውልድ አገር የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ነው። ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «ካላ ኤቲዮፒካ» ብሎ ሲሰይመው፥ «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል በጥንታዊው የግሪክና የሮማ ልማድ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ ምድር በጅምላ የሚያመለክት ነበር። ጀርመናዊው ሽፕሬንግል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1826 ተክሉን ከካላ ወገን ለይቶ «ዛንቴዴስኪያ» የሚለውን የወገን ስም ሰጠው። «ኤቲዮፒካ» የሚለው ቅጽል ግን ሳይነካ ቀረ። እንዲህ ሆኖ አገራችንን አይቶ የማያውቅ አበባ የአገራችንን ስም ይዞ በዓለም ላይ ዞረ።

ታዲያ በእርግጥ የኛ የሆነ የካላ ዘመድ የለምን? አለ። እንዲያውም ነጭ ሳይሆን ጠቆር ያለ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ዘመድ፥ ወደ ዓለም መዝገብ የገባበትን መንገድና ዛሬ ለኛ የሚነግረንን ማመልከት ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ፥ ከዚያም ወደ ሊማሊሞ ገደል የሚጓዝ ሰው ዓይኑ ዘወትር የሚሳበው ወደ ሩቁ ነው፤ ወደ ተራራው፥ ወደ ገደሉና ወደ ጭላዳው። ወደ እግሩ ሥር የሚያይ ጥቂት ነው። በክረምት ግን በስሜን ደጋ በአጥር ጥግ፥ በድንጋይ ካብ መካከልና በቁጥቋጦ ጥላ ሥር አሞጭ ብቅ ይላል። ግንዱ ቀጥ ያለ፥ ቅጠሉ እንደ ጣት የተዘረጋ ነው። አበባው እንደ ካላ ሁሉ በአንድ ሽፋን ቅጠል የታቀፈ ዘንግ ሲሆን፥ ሽፋኑ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ የጠቆረ፥ ነጣ ያለ ሸንተረር የተሰመረበት ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ዘንጉ ላይ ፍሬዎቹ ተጨናንቀው ይቀላሉ።

ወረድ ሲሉ፥ በሰሜኑ የአገራችን ቆላና ወይና ደጋ፥ ከአሞጭም የጠቆረ ሌላ ዘመድ አለ። ቅጠሉ ከመውጣቱ በፊት አበባው ብቻውን ከመሬት ይነሣል። ሽፋኑ የረጋ ደም የሚመስል ሐምራዊ ጥቁር ነው። ሽታው ክፉ ነው፤ ለሰው የማይጥመው ይህ ሽታ ግን ዝንቦችንና ጢንዚዛዎችን ስቦ ዘሩን የሚያስቀጥልበት መሣሪያው ነው። ሊቃውንቱ «አሞርፎፋሉስ አቢሲኒከስ» ይሉታል። እነሆ የአገሩን ስም በሐቅ የተሸከመ የካላ ዘመድ!

አሞጭስ በሳይንስ ቋንቋ ማን ይባላል? «አሪሴማ ሺምፔሪያኑም» ይባላል፤ የሺምፔር አሪሴማ እንደ ማለት ነው። ታሪኩን ወደ ስሜን የሚመልሰው ይህ ስም ነው።

ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፔር እ.ኤ.አ. በ1804 የተወለደ ጀርመናዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን ገብቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1878 ዐድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ አርባ ዓመት ያህል እዚሁ ኖረ፤ እዚሁ አገባ፤ እዚሁ ወለደ። ጉዞውን የጀመረው በኤስሊንገን ከተማ በነበረ አንድ የዕፅዋት ሰብሳቢዎች ማኅበር ገንዘብ ነው። የማኅበሩ አባላት ድርሻቸውን አስቀድመው ይከፍላሉ፤ በምትኩ ተጫምቆ የደረቀ፥ ቁጥርና ስም የተለጠፈበት ዕፅ በየቤታቸው ይደርሳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1842 የወጣው የሺምፔር ሁለተኛ ክምችት ከዐድዋ ጋር የስሜንን ስም በላዩ ይዞ ነበር። ከስሜን እንጨትቃብ የተለቀሙ ዕፆች እንዲህ ሆነው እስከ አውሮፓ ታላላቅ ቤተ መዘክሮች ደረሱ።

በዚህ መንገድ የስሜን ስም ራሱ በሳይንስ መዝገብ ውስጥ ገባ። ልጅ ሁሉ የሚፈራት፥ እናት ግን በችግር ጊዜ ለቅማ የምትቀቅላት የአገራችን ሳማ «ኡርቲካ ሲሜንሲስ» ተባለች፤ የስሜን ሳማ ማለት ነው። ቀይ ቀበሮም «ካኒስ ሲሜንሲስ» ተብሏል። አሞጭን የሰየመው ደግሞ ቪየና ተቀምጦ የሼንብሩንን የአትክልት ቦታ ያስተዳድር የነበረው ሾት ነው፤ ስሙንም ለሰብሳቢው ለሺምፔር አወረሰው።

ሺምፔር የዕፅ ሰብሳቢ ብቻ አልነበረም። የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ቀርበውት ነበር። የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ከደከሙት ሰዎች መካከል ስሙ ይነሣል። ታሪክ እንደሚነግረን ውቤ ይነግሡበታል የተባለው ይህ ቤተ ክርስቲያን፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ያደረጓቸው የደጃዝማች ካሣ መንገሻ ሆነ። ካሣም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ሺምፔርም በኋላ በመቅደላ ከነበሩት አውሮፓውያን ጋር ታስሮ የተፈታው ቴዎድሮስ በሞቱበት በ1860 ዓ.ም. ነው። የዙፋን ባለቤት ሲለዋወጥ አሞጭ በየክረምቱ መብቀሉን አላቋረጠም።

ሺምፔር ከአገራችን ብዙ ወሰደ። ያመጣውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1858 ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እርሱ እንደ ሆነ የግብርና ታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ዛሬ በደባርቅና በዳባት ገበያ ከገብሱ አጠገብ የሚከመረውን ድንች ስናይ፥ ይህ እንግዳ ሥር በስንት ገበሬ እጅ ተፈትኖ፥ ተመርጦና ተጠብቆ ቤተኛ እንደ ሆነ ልናስብ ይገባናል። ያመጣው አንድ ሰው ነው፤ ያኖረው ግን ስሙ ያልተጻፈ ሕዝብ ነው።

የዕፅዋቱም ነገር እንዲሁ ነው። መንገድ የመራው፥ ሸክም የተሸከመው፥ «ይህ አሞጭ ነው፤ ያ ጅብራ ነው» ብሎ ያመለከተው ባላገር በመለያ ወረቀቶቹ ላይ ቦታ አላገኘም። ከዚህም በላይ አስተማሪ የሆነ ነገር አለ። በርሊን ከነበረው ታላቅ የዕፅዋት ክምችት አብዛኛው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1943 በጦርነቱ ቦምብ ተቃጥሏል። ወረቀት ላይ ያለ ዕውቀት ሊነድ ይችላል። በሕዝብ አፍና እጅ ያለ ዕውቀት የሚጠፋው የሚቀበለው ሲታጣ ነው።

አሞጭ ለባላገሩ አበባ ብቻ አይደለም። ሥሩ እንደ ድንች ጉብ ያለ ነው፤ ጥሬውን የቀመሰው ግን አፉና ጉሮሮው ይቃጠላል። በውስጡ ያለው እንደ መርፌ የሾለ የኦክሳሌት ጨው ሥጋን ይወጋልና። ሆኖም በክፉ ቀን፥ ጎተራው ሲራቆት፥ ሰው ይህንኑ ሥር ቆፍሮ፥ ደጋግሞ ቀቅሎና ውኃውን ደፍቶ ነፍሱን አቆይቶበታል። በደቡቡ የአገራችን ክፍልም የጥቁሩ ዘመዱ ሥር በተመሳሳይ ጥንቃቄ ለምግብ ይውላል። የቪየናው ሊቅ የአበባውን ቅርጽ ለካ፤ የትኛው ሥር ስንት ጊዜ ቢቀቀል ነፍስ እንደሚያተርፍ የለካችው ግን ረሀብ የመከራት እናት ናት። ሁለቱም ዕውቀት ነው። አንዱ ተጽፎ ሌላው ሳይጻፍ መቅረቱ ነው ቅሬታችን።

አሁን ወደ አትክልቱ ቦታ እንመለስ። በዘመናችን በዓለም የአበባ ገበያ የሚፈለገው ጥቁር ካላ፥ ማለትም ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ሐምራዊና ወይን ጠጅ አበባ፥ በደቡብ አፍሪካ ከሚበቅሉ ባለ ቀለም ዘመዶች ተዳቅሎ እንደ ኒው ዚላንድና ኔዘርላንድ ባሉ አገሮች የወጣ ነው። በደጋ ግቢ ሊተክለው የሚሻ መምህር ወይም የአትክልት ወዳጅ አንድ ነገር ይወቅ፦ ጥቁሩ ካላ የነጩ ጠባይ የለውም። ነጩ እግሩ ውኃ ውስጥ ቢቆም ደስ ይለዋል፤ ጥቁሩ ግን ውኃ በተኛበት ይበሰብሳል። ስለዚህ ከፍ ያለ፥ ብስባሽ የተቀላቀለበትና ውኃ የሚያሳልፍ መደብ ይዘጋጅለት። ጉብ ሥሩ ዓይኑ ወደ ላይ ሆኖ፥ ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ይቀበር። ማዳበሪያ አይብዛበት፤ ቅጠሉ ሲፋፋ አበባው ይሳሳል፥ ሥሩም ለበሽታ ይጋለጣልና። አበባው አልፎ ቅጠሉ ሲገረጣ ውኃው ይቁም። በደባርቅ ከፍታ የበጋው ሌሊት ውርጭ ስላለበት፥ ሥሩ ተቆፍሮ፥ ከአፈሩ ተራግፎ፥ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ሁለት ሦስት ወር ይረፍ።

ይህን የሚሰማ የዳባት ገበሬ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ዓይን ያለውን ሥር መርጦ ለዘር ማስቀመጥ፥ የተነካውን ከጤነኛው መለየት፥ እርጥበትን መፍራት፥ ይህ ሁሉ ከድንቹ ጋር ሲሠራው የኖረው ሥራ ነው። እንዲያውም ጥቁሩን ካላ ዋነኛ ጠላት ሆኖ የሚያበሰብሰው ባክቴሪያ ድንቹን ከሚያበሰብሰው ወገን ነው። በሺምፔር ድንች የተማረ እጅ ለጥቁር ካላ ባዕድ አይደለም።

ይሁን እንጂ እንግዳውን ስንቀበል ቤተኛውን አንርሳ። ከ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ አንሥቶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በተከታታይ ቅጾች መዝግበዋል፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 ተጠናቋል። ይህ ታላቅ ድል ነው። የቀረው ድርሻ የመምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አጥሩ ጥግ ወስዶ አሞጭን ያሳያቸው፤ እነርሱም ከአያቶቻቸው ጠይቀው ስሙን፥ ጥቅሙንና አደጋውን ይጻፉ። ሠዓሊው ጽጌረዳን መቶ ጊዜ ከሚደጋግም፥ ያንን ባለ ሸንተረር ጠቆር ያለ ሽፋን አንድ ጊዜ በሸራው ላይ ያኑረው። እኛም ገጣሚዎች ውበትን ሁሉ በነጭነት ስንመስል የኖርን ሰዎች፥ ጥቁሩ አበባ በደጃችን ሲያብብ አላየንም ነበርና ዓይናችንን እንክፈት።

የሩቁ አበባ ስማችንን ይዞ ቢዞር አይጎዳንም። የሚጎዳን የራሳችንን አበባ በስሙ መጥራት ሲሳነን ነው። በመጪው ክረምት ከደባርቅ በላይ ደመናው ሲወርድ አሞጭ እንደ ልማዱ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ስሙን የሚጠራለት ልጅ በአጠገቡ ይገኝ።